ገናን ቀለል አድርገው ለማሳለፍ ለቆረጡ ወላጆች

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ልጆች ባሉበት የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ አንድ ውሳኔ ይተላለፋል። ልጆቹ ተኝተዋል፣ የነገው ዩኒፎርም አልተተኮሰም፣ ከባልና ሚስት አንዳቸው «የዘንድሮን ገና እንኳ ቀለል አድርገን እናሳልፈው» ይላሉ፤ ሌላኛው ወገን ይስማማል። ተቃውሞ የለ፣ ድምፀ ተአቅቦ የለ። በዋዜማው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ድስት ተጥዶ፣ አንዱ ልጅ ጫማውን እንዳደረገ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ኮረሪማ ለመበደር የጎረቤት በር ሲንኳኳ ግን ያ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።

ይህ ምክር ውሳኔው ላይ ደርሰው አፈጻጸሙ ላይ ለተቸገሩ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ከበዓል ላይ የተቀነሰ ሥራ አይጠፋም፣ ወደ ማብራሪያ ይለወጣል። ድፎ ዳቦ ካልጋገሩ ለምን እንዳልጋገሩ ያስረዳሉ። ዶሮ ካልሠሩ ለእናትዎ፣ ለአማትዎ፣ ለልጅዎ ክርስትና እናትና ለፎቅ ጎረቤትዎ በየተራ ያስረዳሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የተለየ ማብራሪያ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ኋላ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንዱን ሥራ ከመሰረዝዎ በፊት ሁለቱን ይመዝኑ፤ ሥራው ነው የሚከብደው ወይስ ማብራሪያው?

ከዚህ ተነሥቼ የምሰጥዎ የመጀመሪያው ምክር ዕቅድዎን ለማንም እንዳይናገሩ ነው። በተለይ ለእናትዎ። «እማዬ፣ ዘንድሮ ቀለል ልናደርገው ነው» ያለች ልጅ የምትሰማው መልስ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዝምታ፤ ቀጥሎ «ምነው ልጄ፣ ደኅና አይደላችሁም እንዴ?»፤ ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ገንዘብ ቸግሯችሁ ከሆነ ለእኔ መንገር ምን ነውር አለው?» በማግስቱ አጎት ይደውላሉ። በሳምንቱ ከአገር ቤት በመጣ ሰው እጅ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ፣ አንድ ጣሳ ቅቤና በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ይደርስዎታል። ቀለል ይል የነበረው ገናዎ አሁን አንድ ዶሮ ጨምሯል። ዶሮው በረንዳ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይጮኻል፣ ልጆቹም ስም አውጥተውለታል። ስም የወጣለትን ዶሮ ማረድ ምን ያህል ማብራሪያ እንደሚጠይቅ ለወላጅ መንገር አያሻም።

ማብራሪያ የማይጠየቅባቸው ሰበቦች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ልቅሶ ነው፤ እሱን ማንም አይመኝም። ሁለተኛው መብራት ነው። የበዓል ዋዜማ ከተማው በሙሉ ምጣድ የሚጥድበት ምሽት ስለሆነ «መብራት ሄዶብን» በሚል ሰው ላይ የሚፈርድ የለም፤ «እኛም ጋ!» ይባላል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ነገሩ ይዘጋል። «ሥራ በዝቶብኝ» የሚለው ግን አያስኬድም። እናትዎ እንጨት አስለቅመው፣ ውሃ አስቀድተው፣ ስድስት ልጅ አጥበው በዓል ያደረሱ ሴት ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ ቧንቧ ከነውሃው ባይሆንም ቧንቧ አለዎት። ሥራ የሚለውን ቃል በታኅሣሥ ወር አያንሡ።

በዓል ጭራሽ አይቀልም ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ የተሳካ ምሳሌ ላቅርብ፤ ጠላ። ጥንስሱ፣ ብቅሉ፣ አሻሮው፣ ድፍድፉ፣ ጋን ማጠኑ የስንት ቀን ሥራ እንደ ነበር የሚያስታውሱት አያቶች ናቸው። ዛሬ በብዙ የአዲስ አበባ ቤት አንድ ሳጥን ቢራና አንድ ሳጥን ለስላሳ ገብቶ ጉዳዩ አለቀ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ምክንያቱን ልብ ይበሉ። አንድ ሰው ብቻውን ቢተወው ኖሮ ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ ይኖር ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን የሚቀመጥበት ቦታ ስለጠፋ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ተወው፤ ሁሉም ከተወው ደግሞ ጠያቂ የለም። (በነገራችን ላይ ኮንዶሚኒየሙን የነደፉት ሰዎች በዓል እንደማይቀል በደንብ ገብቷቸው ነበር፤ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ሲያስቡ በግ የሚታረድበትንና ድግስ የሚበስልበትን ቦታ አብረው አስበዋል። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት ለመኪና ማቆሚያውም ቢተርፍ ምናለ።)

ሌላም ያቀለልነው አለ፤ የገና ጨዋታ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንድ ሩር፣ ሰፋ ያለ ሜዳ፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። የጀመሩት የልደቱን ብሥራት የሰሙ እረኞች ናቸው ይባላል። በዕለቱ ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢያገኘው እንኳ ቁጣ የለም፤ ወጉ እንዲያ ነበር። አስቡት፤ ልጆችን ከጠዋት እስከ ማታ ከቤት የሚያስወጣ፣ ሽንኩርት የማይጠይቅ፣ እናት የማትጠራበት የበዓሉ ክፍል ይህ ብቻ ነበር። እኛ ገናን ለማቅለል ስንነሣ ጥለነው የወጣነው ይህንኑ ነው። በምትኩ የፕላስቲክ ጥድ አስገባን። ጥዱ በየዓመቱ ከካርቶን ይወጣል፣ ቅርንጫፉ አንድ ባንድ ይዘረጋል፣ የተወሳሰበው የመብራት ገመድ ሲፈታ አንድ ሌሊት ያልፋል፣ በመጨረሻም በረዶ እንዲመስል ጥጥ ይበተንበታል። ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ ሌሊቱ ጥርስ የሚያፋጭበት ደረቅ ወር ነው፤ በረዶ ከፈለጉ የሚጥለው በክረምት ነው፣ እሱም ቆርቆሮ ላይ። ያ ጥጥ ሙያ የሚያውቅ እጅ ቢያገኝ ኖሮ ጋቢ ይወጣው ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የገና ክብደት የሚለካው በሽንኩርት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ሦስት የሚሉ አሉ፤ «እኔስ በዓይኔ ነው የምገምተው» የሚሉም አሉ፤ ከሁሉ አብልጠው የሚገዙት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ደቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ይታሻል፣ በርበሬ ገብቶ እንደ አዲስ ይቁላላል፣ ቅቤው ይከተላል። በሌላ በኩል የዶሮው ላባ ይነጫል፣ ይለበለባል፣ በሎሚና በጨው ውሃው ኩልል እስኪል ይታጠባል፣ ከዚያም በአሥራ ሁለት ብልት ይወጣል። አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ አንድም አሥራ ሦስትም አይሆንም። የአንዲት ሴት ሙያ ለስንት ዘመን የተመዘነው በዚህ ቁጥር ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪዎ ማዕረግ ከዚህ ፊት ምንም አያግዝዎትም።

ይህንን ለማቅለል ገበያው ሦስት መንገድ ከፍቷል። የመጀመሪያው በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ነው። ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃ ያወጣል፣ ወጡም አይያያዝም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ባለሙያዎቹም የትም አይደሉም፤ ገና ዕለት በእርስዎው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ጉርሻ ይጎርሳሉ፣ ጣሪያውን አየት ያደርጋሉ፣ «ይጣፍጣል» ይላሉ። ያ «ይጣፍጣል» ምን ማለት እንደ ሆነ እርስዎም እሳቸውም ያውቃሉ። ሁለተኛው መንገድ ተቁላልቶ ያለቀ ቁሌት በትዕዛዝ ማስመጣት ነው። ይህ መካከለኛ ኃጢአት ነው፤ ዶሮውን እርስዎ ስላጠቡት በሙሉ አፍ «ሠራሁ» ለማለት አያሳፍርም።

ሦስተኛው ዶሮ ወጡን እንዳለ ሠርተው ለሚሸጡ ማዘዝ ነው። ለዚህ የቆረጠ ወላጅ የሚከተለውን በጥንቃቄ ይፈጽም። ወጡ ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ከመሸ ይግባ፤ እቃው በጥቁር ፌስታል ይሸፈን። ቤት እንደ ደረሰ ወደ ራስዎ ድስት ይገልበጥ፤ ድስቱ በውጭ በኩል ትንሽ ጥላሸት ቢነካው ይመረጣል። ከዚያ አንድ ራስ ሽንኩርት ከትፈው በሩን ገርበብ አድርገው ያቁላሉ። ደረጃው ላይ የሚወጣና የሚወርድ ሰው የሚመሰክርልዎ በአፍንጫው ነው፤ ሽታ የሌለው ቤት በዓል ላይ ይጠረጠራል። ዓይንዎ መቅላት ስላለበት ሽንኩርቱን ራስዎ ይክተፉ፣ ለሠራተኛ አይስጡ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በማውጫው ቀስ ብለው ብልቱን ይቁጠሩ። አሥራ አንድ ከሆነ የጠፋው ፈረሰኛው ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው። ለሻጯ ይደውሉ፣ ይከራከሩ፣ ባለቤትዎን ይላኩ። የእንቁላሉንም ቁጥር ከእንግዳው ጋር ያስተያዩ። በመጨረሻም ሰው «እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ የወጣልሽ?» ሲል የሚሰጡትን መልስ አስቀድመው ያጥኑ፤ ስለ በርበሬው አገር፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ መከለሻው አንዳንድ ነገር ይወቁ። ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳተረፈ ብጠየቅ፣ ሽንኩርቱን ቁጭ ብሎ ከከተፈው ሰው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይተኛል ብዬ እመልሳለሁ። ግን ቀለል አድርጎታል።

ቤትዎ ለሚሠሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ወጡ የሚሠራው በዋዜማው ነው፤ ዋዜማው ጾም ነው፤ የምትሠራዋም ሴት ጾመኛ ናት። ይህን ሁሉ ሰዓት ያቁላላችውን አትቀምሰውም። ጨውን በሽታ ለይተው የሚያውቁ እናቶች አሉ፤ ይህ ጥበብ በኮርስ አይገኝም። ለእርስዎ የሚበጀው ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን በበዓል ሥራ ያግዙ የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል፤ እንቁላል አስልጠው፣ ዱቄት አስነፍተው የሞከሩ ወላጆች ውጤቱን አይተዋል። ጾም የማይጠበቅበት ሕፃን ግን ለቤቱ ብቸኛው ሕጋዊ ቀማሽ ነው። ሹመቱን በክብር ይስጡት፣ በርጩማ ላይ ያስቁሙት፣ በጭልፋ ጫፍ ያቅምሱት። «ጨው አለው?» ሲሉት «ያቃጥላል!» ይላል። «እሱስ ያቃጥል፣ ጨው አለው ወይ?» ሲሉት «ጁስ አለ?» ይላል። ከዚህ መልስ ተነሥተው ጨው ይጨምሩ ወይም ይተዉ። ከሌሊት ቅዳሴ መልስ ሲገድፉ ትክክለኛውን ያውቁታል፤ ያን ጊዜ የሚስተካከል ነገር የለም፣ ለመናደድም ኃይል አይኖርዎትም።

አባቶችን አልረሳሁም። የገና ዝግጅት ለአባት አስቀድሞም ቀላል ስለ ነበር ምክሩ አጭር ነው። ወጉ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ነው ይላል፤ ስለዚህ አባወራው ዶሮ ተራ ሄዶ ክንፍ አንሥቶ፣ መዝኖ፣ ተከራክሮ ይገዛል፣ በማግስቱ ቢላ ያነሣል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ያርፋል። ቅርጫ የገባ እንደሆነ ድካሙ ይጨምራል። ሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መደቡ ሲመደብ ይቆማል፣ ዕጣው ሲወጣ ይስቃል፣ ጠዋት ሁለት ፌስታል ሥጋ ይዞ ገብቶ «እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ» ይላል። ከፌስታሉ ውስጥ ጨጓራ አለ። ጨጓራውን የሚያጥብ ሰው ፌስታሉ ውስጥ የለም። ለእነዚህ አባቶች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮ ያረደ እጅ ሽንኩርት እንዳይከትፍ የሚከለክል ሕግም ሆነ ቀኖና እስካሁን አላየሁም። «ዘንድሮ ምንም ሳንደክም አለፈ» የሚል ቤት ካጋጠመዎ ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ገለጥ ያድርጉ፤ የደከመች ሰው እዚያ አለች፣ ብዙውን ጊዜም ለራሷ ገና ወደ አገሯ ያልሄደች ልጅ ናት።

ትምህርት ቤት ሌላው ግንባር ነው። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሁልጊዜ ለነገ ጠዋት ነው፤ የሚነበበውም ሁልጊዜ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቀይ ልብስ፣ ሌላ ቀን የባህል ልብስ፣ ሌላ ቀን ከረሜላ ለሃያ አምስት ልጅ። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለመምህራን ስጦታ መዋጮ ሲጠራ ከሁሉ ቀድመው በቴሌብር ይላኩና ዝም ይበሉ። ከላከ ሰው ምንም አይፈለግም፤ አስተያየት የሰጠ ሰው ግን ያን ዕለት ማታ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል። ልጅዎ በልደቱ ድራማ ላይ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ እረኛ እንዲሆን የቻሉትን ሁሉ ያድርጉ። እረኛ ጋቢና ዱላ ነው፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ አሉ። መልአክ ክንፍ ይፈልጋል። ሰብአ ሰገል ደግሞ ካባ፣ ዘውድና ሣጥን ብቻ አይበቃውም፤ ዕጣኑንስ ከቡናው ዕቃ አጠገብ ያገኙታል፣ ከርቤውንም መርካቶ አያጡትም፣ ወርቁን ግን ያስቡበት።

«ለምን ሁለት ገና አለ?» የሚለው ጥያቄ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ቀን ከጠዋቱ ይመጣል፤ ይዘጋጁ። ትክክለኛው መልስ የጁሊያን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው 13 ቀን ወደ ኋላ በመቅረቱ ነው የሚል ነው። አይመልሱት። የስድስት ዓመት ልጅ የአቆጣጠሩን ነገር እንደ ሰማ የሚደርስበት መደምደሚያ ስጦታውም ሁለት ጊዜ ነው የሚል ብቻ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም አይንገሩት፤ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በዓሉ አንድ ቀን ይቀድማል፣ ጾሙም ኅዳር 14 ይገባል። በእንዲህ ያለው ዓመት አንድ ቀን አተርፋለሁ ብለው የሚያስቡም ካሉ የበዓሉ ድካም እንደማያጥር ይወቁ። በዚህ በኩል የሚያስቀናው ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ወገናችን ነው። እርግጥ ገና እዚያ በሥራ ቀን ከዋለ የሥራ ቀን ሆኖ ያልፋል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ብዙ ቤተሰብ ድግሱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፋዋል። ነገር ግን የፈረንጁ ገና ባለፈ ማግስት ጌጡም መጫወቻውም ዋጋው ይወርዳል። ለእኛ ገና እስኪደርስ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ አለ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የማቅለያ ዘዴዎች ሁሉ ማብራሪያ የማይጠይቀው ይህ ብቻ ነው፤ ልጁ ደረሰኝ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ።

ልብስን በተመለከተ አይጨነቁ። ባል፣ ሚስትና ልጆች አንድ ዓይነት ጥልፍ ለብሰው ፎቶ የሚነሡበት ልማድ ስለገባ ሽሮ ሜዳ በታኅሣሥ መሄድዎ አይቀርም። ሰፊው «ለዓርብ ይደርሳል» ይልዎታል። የትኛው ዓርብ ብለው አይጠይቁ፣ ይክፈሉና ይውጡ። ልብሱ ለገና አይደርስም። ከገና እስከ ጥምቀት ግን ያለው 12 ቀን ነው፤ ጥር 11 ከመድረሱ በፊት በእጅዎ ይገባል፣ ያን ጊዜም ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረት ክብርዎን ይመልስልዎታል። አንድ ልብስ፣ አንድ ወጪ፣ ሁለት በዓል። ሰፊው ሳያውቀው ያቀለለልዎ ነው።

ቄጠማ ለመጥረግ የሚሰለቹ ሰዎች አሁን የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ሣር ገዝተው ሊያነጥፉ ይችላሉ፤ አንዴ ከተነጠፈ ዓመቱን ሙሉ በዓል ስለሚመስል ግን ሰው ሁሉ ጾም ፍቺ እየመሰለው ይመጣብዎታል። ቡናውን አይንኩት።

ይህ ሁሉ ከከበደዎ የመጨረሻውን መንገድ ልጠቁም፤ ሰው ቤት ይጠሩ። ገና ዕለት የሰው እንግዳ የሆነ ወላጅ ሽንኩርት አይከትፍም፣ ለማንም አያስረዳም፤ «ተጠርተን ነው» ይላል፣ ያበቃል። ጥሪው ሲመጣ አይግደርደሩ፣ በመጀመሪያው ይቀበሉ። ብርቱካን ወይም አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዘው ይሂዱ። ባለቤቲቱ በር ላይ «ምንም አላዘጋጀንም፣ እንዲያው ቀለል አድርገን ነው» ትልዎታለች። አይመኑ። ከኋላዋ ዶሮው፣ ጥብሱ፣ አይቡ፣ ጎመን በሥጋው፣ ዱለቱ ተደርድሯል። «ኧረ ምን ቀረ! ምነው እንዲህ ተቸገራችሁ» ይበሉና ይቀመጡ። ዓይኗ ቀልቶ እንደ ሆነ ያስተውሉ፤ ከቀላ አንድ ነገር ነው። ድስቱም ሲመጣ ከውጭ በኩል ጥላሸት ቢጤ ይታያል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ልጆችዎን ግን በመንገድ ላይ እያሉ በደንብ ያስጠንቅቁ። ልጅ አንዴ የቀመሰውን ወጥ አይረሳም፣ የሰፈሩ ባለሙያ ሴትም ለአንድ ቤት ብቻ አትሠራም። ትንሹ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጦ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ «እማዬ፣ ይሄኮ ባለፈው በጥቁር ፌስታል የመጣልን ነው!» ሊል ይችላል። ባለቤቲቱ እርስዎን ታያለች፤ እርስዎ ባለቤቲቱን ያያሉ። አይደንግጡ። ከሳህኑ ትልቁን እንቁላል ያንሡና ልጁን ያጉርሱት።